የአያት ኤሚል ወንበር

ኮሪን ሶቦትካ የት እንደምትማር የወሰነችው ጉድጓድ ውስጥ ቆማ ነው።

ቀልድ አይደለም። የአፈር ዳኝነት ውድድር ነበር። ከየትምህርት ቤቱ የመጡ ልጆች ከቁመታቸው በላይ ወደተቆፈረ ጉድጓድ ይወርዳሉ፤ ከግድግዳው አፈር ፈቅፍቀው በውሃ ያርሳሉ፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል እየገፉ እንደ ጥብጣብ ያስረዝሙታል። ቶሎ ከተበጠሰ አንድ ዓይነት አፈር ነው፣ ካልተበጠሰ ሌላ። ኮሪን ይሄን ነገር ትችልበታለች። ጓደኞቿ ጥፍራቸውን ቀለም ሲቀቡ እሷ ጥፍሯ ስር ሸክላ ይዛ የምትዞር ልጅ ናት።

ዳኛዋ ከነብራስካው ዩኒቨርሲቲ የመጡ ሽበታም መምህር ነበሩ። ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብለው ጣቷን ሲያዩ ቆዩና፣ “ጣትሽ ምን አለሽ?” ብለው ጠየቋት። መለሰችላቸው። “አሃ፣ እኔ ሌላ ነገር መስሎኝ ነበር፤ እስቲ አሳዪኝ” አሉና እዚያው ጭቃው ውስጥ ወረዱ። እንደ ሌላው ሰው ስለ ዩኒቨርሲቲው የኳስ ቡድን አላነሱም። የት ልትማሪ ነው አላሏትም። ኮሪን ከሴትዮዋ ጋር ግድግዳውን ስትፍቅ፣ ይሄን አፈር የሚያውቁት እኚህ ሰው ናቸው፣ አፈሩም ያለው እዚሁ ነው፣ እዚሁ እማራለሁ ብላ ቆረጠች። ጎረቤት ግዛት አዮዋም አፈር አለ፣ ያውም ጥቁርና ወፍራም፤ ግን ልብ አንዴ ካለ አለ ነው።

ለማንም አልተናገረችም። ማታ ራት ላይ፣ በራሷ አፍ፣ ቀስ ብላ ልትናገረው ነበር ሐሳቧ። አውቶቡስ ውስጥ እንዴት እንደምትለው ስትለማመድ መጣች። “ወስኛለሁ” ብላ ትጀምርና ትንሽ ዝም ትላለች። አባቷ ሹካውን ያስቀምጣል። እናቷ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። ያን ዝምታ ለመስማት ቸኩላለች፤ ምክንያቱም ከብርዱ ወራት ጀምሮ በዚህ ጉዳይ አንድም ሰው ዝም ብሎላት አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ተቀብለዋታል፤ አንዱ የገዛ ግዛቷ የነብራስካ፣ ሌላው ከወንዙ ማዶ ያለው የአዮዋ። ከሌላ ግዛት የሚመጣ ተማሪ እጥፍ ይከፍላል፤ ግን አዮዋዎች ውጤቷን አይተው ብዙውን ስለቀነሱላት ወጪው የሚያስፈራት አልነበረም። ምርጫው በእውነት የእሷ ነበር። ይሄን ግን ማን ይስማ! የዘይት መደብሩ ሰውዬ፣ የጥርስ ሐኪሟ፣ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የምትመታው ሴትዮ ሳይቀሩ ያገኟት ሁሉ “መቼም ማዶ አትሄጂም አይደል?” ይሏታል። ጥያቄ መስሎ ትዕዛዝ። እዚያ ከተማ ቅዳሜ ቅዳሜ የነብራስካ ቡድን ጨዋታ ሲኖር የቡድኑን ቀይ ያልለበሰ ሰው የታመመ ይመስላቸዋል።

ከሁሉም የባሰው አባቷ ራስል ነው። ሶቦትካዎች ስታዲየሙ ውስጥ ከአያቷ ከኤሚል ጀምሮ አራት ወንበር አላቸው። ወንበሮቹ ከአባት ለልጅ ነው የሚተላለፉት፤ አንዴ ከለቀቋቸው ተሰልፎ የሚጠብቀው ሌላ ሰው ይወስዳቸዋል። አባት፣ እናትና አክስቷ ትሩዲ በሦስቱ ይቀመጣሉ። አራተኛው የኤሚል ነበር። ኤሚል ከሞተ ወዲህ ራስል ኮቱን አውልቆ እዚያ ላይ ያስቀምጣል፤ ብርድ እያንቀጠቀጠውም ቢሆን። “ኮሪንዬ ዩኒቨርሲቲ የገባች ቀን ኮቱ ይነሳል” ይላል። ይሄን ሲል ሁልጊዜ ዓይኑ ውሃ ያቀራል። እሷም ስትሰማው ደስ ይላት ነበር፤ በኋላ በኋላ ግን አንገቷን አንቆ እንደያዘ ነገር ሆነባት።

ቤት ስትደርስ ደጁ በመኪና ተሞልቷል። ሳሩ ላይ “እዚህ ቤት የምትኖረው የነብራስካ ተማሪ ናት” የሚል ቀይ ሰሌዳ ተተክሏል። እናቷ ጃኔል በረንዳው ላይ ስልኳን ወደ እሷ አዙራ ቆማለች።

“ዓይንሽን ጨፍኚ! የኔ ማር፣ ዓይንሽን ጨፍኚ!”

ኮሪን አልጨፈነችም። ግን ተገፍታ ገባች። መኝታ ክፍሏ በእናቶችና በክፍል ጓደኞቿ ታጭቋል። ራሷ የመረጠችው ሰማያዊ አልጋ ልብስ የለም። ቀይ ፊኛ እስከ ጣሪያው ድረስ፣ ቀይ ሹራብ፣ ቀይ ካልሲ፣ ቀይ ከረሜላ፣ ትራሷም ቀይ። አክስቷ ትሩዲ ቀይ እንዲሆን ብላ በቼሪ የሞላችውን ኮላቼ የተባለ ጣፋጭ ዳቦ በትሪ ይዛ አልጋው ጥግ ቆማለች። የዘንድሮ ተመራቂ ሁሉ እንዲህ አልጋው እየተሸለመለት መሃሉ ላይ ቁጭ ብሎ ፎቶ ይነሳል። ልዩነቱ፣ ሌሎቹ ልጆች መጀመሪያ የት እንደሚማሩ ተናግረው ነበር።

“ተቀመጪ እንጂ! መሃሉ ላይ!” አለች ትሩዲ። “ውይ፣ ጭቃ በጭቃ ሆነሻል፤ ቡትሽን አውልቂ።”

እንግዲህ ፈገግ ብሎ መቀመጥ ይቻል ነበር። ዞሮ ዞሮ የመረጠችውም እሱኑ ነው። ሌላ ልጅ ብትሆን ትስቅ ነበር፤ “እንዴት አወቃችሁ?” ብላ ኮላቼውን ትጎርስ ነበር። ኮሪን ግን ደሟ ፈላ። ቀኑን ሙሉ በሆዷ ተሸክማ ያመጣችው የራሷ ነገር፣ እዚህ አልጋ ላይ ከከረሜላ ጋር ተበትኖ ጠበቃት። በሕይወቷ አንድ ትልቅ ነገር ለብቻዋ ብትወስን፣ እሱንም ቀድመው በፊኛ ነፍተውታል።

“ማን ነገራችሁ?” አለች።

“ምኑን?” አለች እናቷ፣ ስልኩን ሳታወርድ።

“እዚህ እንደምማር።”

ትሩዲ ሳቀች። “ኧረ ባክሽ! ሶቦትካ ሆነሽ ሌላ የት ልትማሪ ኖሯል?”

“ማነው የጠየቀኝ? ከእናንተ ውስጥ አንድ ሰው ጠይቆኛል?”

“የኔ ማር፣” አለች ጃኔል በጥርሷ መሃል፣ “ሰው እያየን ነው። በቀጥታ ነው የሚተላለፈው።”

“ጥሩ። ሰው ሁሉ ይስማ እንግዲህ። የምሄደው አዮዋ ነው።”

ውሸቷን ነው። ግን ከአፏ ሲወጣ እንዴት ጣፈጣት! ክፍሉ ጸጥ አለ። ያ የናፈቀችው ዝምታ መጣ፤ በማይሆን ቦታ መጣ። ጃኔል ስልኩን ለማጥፋት በአውራ ጣቷ ስትነካካ የገዛ እግሯን እየቀረጸች ቆየች። እንግዶቹ አንድ በአንድ ቦርሳቸውን አነሱ። አንዷ እናት ስትወጣ የኮሪንን ትከሻ መታ መታ አደረገቻት፤ ዘመድ እንደሞተባት ሁሉ።

ራስል የመስኖ ማሽን ከሚጠግንበት እርሻ እየበረረ መጣ። ሲገባ እጁ በግራሶ እንደጠቆረ ነው።

“ሜዳ ላይ ቆሜ፣ በደንበኛዬ ስልክ ነው የሰማሁት!” ብሎ ጮኸ። “በሰው ስልክ! ልጄ የት እንደምትማር!”

“እኔስ?” አለች ኮሪን። “እኔስ ከምን ሰማሁ? ከአልጋ ልብስ!”

“ነገ እኮ መልስ የምትሰጪበት የመጨረሻው ቀን ነው!” ጃኔል ማልቀስ ጀመረች። “ዝም አልሽ፤ አንድ ወር ሙሉ ዝም አልሽ። ቦታው ቢያመልጥሽስ? ፈራሁ። ስለዚህ ... ማክሰኞ ተጫንኩት።”

“ምኑን ነው የተጫንሽው?”

“‘ተቀብያለሁ’ የሚለውን። የይለፍ ቃልሽ ኮምፒዩተሩ ላይ አለ።”

ኮሪን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በሁለት እጇ ተደገፈች። ማክሰኞ! እሷ ዛሬ፣ ሐሙስ፣ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ልቧ እየመታ የወሰነችውን፣ እናቷ ማክሰኞ ልብስ ማጠቢያው እስኪጨርስ ጨርሳዋለች።

“በኔ ስም?” አለች። “እማዬ፣ በኔ ስም?”

“ለአንቺው ብዬ ነው!”

“ለኔ ብለሽ ከሆነ ሂጂና አንቺ ተማሪ!”

“ለእናትሽ እንደዚህ አትመልሺም!” ብሎ ራስል ጠረጴዛውን መታ። ወዲያው ወደ ሚስቱ ዞረ። “አንቺስ ጃኔል፣ ምን ነካሽ? ይሄ እኮ ሌብነት ነው!” ጃኔል እንባዋን ጠረገች። “አንተ አይደለህ እንዴ ሌሊቱን ሙሉ እየተገላበጥክ ‘ማዶ ከሄደች ምን እሆናለሁ’ ያልከኝ?” አለችው። ራስል ቁልፉን አንስቶ ወጣ፤ ፒካፑ ጠጠሩን እየበተነ ሄደ።

ኮሪን ክፍሏ ገብታ ፊኛዎቹን ማውረድ ጀመረች። ማፈንዳቱ አላረካትም። ሹራቦቹን ጠቅልላ ኮሪደር ላይ ወረወረች። እናቷ በሩ ስር ቁጭ ብላ ስታለቅስ ይሰማታል። ልታዝንላት ሞከረች፤ አልሆነላትም። አንድ ቃል ብትናገር፣ “እኔም እኮ እሱኑ ነበር የመረጥኩት” ብትል፣ ሁሉም ነገር በሳቅ ያልቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በየበዓሉ ገበታ ላይ፣ ዕድሜዋን ሙሉ፣ “እኛ እኮ ከሷ በፊት አውቀናል” እየተባለ ይወራል።  ለእልህ ብሎ አራት ዓመት ማዶ መማር ይቻላል ወይ? ይቻላል። ሰው በእልህ ከዚህም የባሰ ሠርቷል። ነገ እስኪመሽ ድረስ የአዮዋው በር ክፍት ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፒካፑ ተመለሰ። ኮሪን በመስኮት አየች። አባቷ መጀመሪያ ቀዩን ሰሌዳ ከሳሩ ነቅሎ መኪናው ላይ ወረወረ። ከዚያ ዞረ። የለበሰው ጥቁር ሹራብ ነው፤ ደረቱ ላይ በትላልቅ ወርቃማ ፊደል “አዮዋ” ተጽፎበታል። ጠብቦት ሆዱ ላይ ተወጥሯል፤ የዋጋው ወረቀት ከብብቱ ስር ይወዛወዛል። ከመንገዱ ማዶ ሳር የሚያጭደው ጎረቤት ማሽኑን አጥፍቶ ፈዞ ቀረ።

ኮሪን ወጣች።

“ይኸው” አለ ራስል። ፊቱ ቲማቲም መስሏል። “ለበስኩት። ሌላ ቁጥር አልነበራቸውም። ድልድዩን ተሻግሬ ነዳጅ ማደያው ሱቅ ውስጥ ገዛሁት። ሻጯ ‘እንኳን ደስ አለዎት’ አለችኝ፤ አንገቷን ባንቃት ደስ ባለኝ። የምትሄጂ ከሆነ ትሄጃለሽ። እኔ ራሴ ነኝ የማደርስሽ። ሌላ ምን ላድርግ? ንገሪኝ፣ ምን ላድርግ?”

ይሄኛውን አልጠበቀችም። አባቷ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ አያውቅም፤ ለእናቷም፣ ለማንም።  ውሸቷን በዚህ ሹራብ ላይ መደረብ አልቻለችም።

“አባዬ፣ አውልቀው።”

“አላወልቅም!”

“አልሄድም። ጠዋት ወስኜ ነበር። እዚሁ ልማር። ማታ ልነግራችሁ ነበር የመጣሁት።”

ራስል አፈጠጠባት። “ታዲያ ለምንድነው አገር ፊት ያዋረድሽን?”

“ስላልጠየቃችሁኝ!”

“እኔ እኮ አልጋውን አላስጌጥኩም! ምንም አልተጫንኩም!”

“አንተ ወንበር ነው ያዘጋጀህልኝ! ከተወለድኩ ጀምሮ!”

 የራስል ፊት ላይ ሊደብቀው ያልቻለው ነገር መጣ። ደስታ ነበር። ከዓይኑ ጥግ ጀመረና ወደ አገጩ ወረደ። “እዚሁ ነሽ?” አለ ድምፁ እየሰለለ። “እዚሁ ነሻ? እንግዲያው መስከረም ላይ፣ የመጀመሪያው ጨዋታ ቀን፣ ኮቴን ...”

ኮሪን ደስታውን አየችው። ንዴቱ እንደ አዲስ ተነሳባት። እነሱ የፈለጉት ሁሉ ሆኗል። እናቷ የተጫነችው ቁልፍ እንደተጫነ ይቆያል፤ የተሸለመው አልጋ ትክክል ነበር፤ አባቷ ሹራቡን አውልቆ ነገ ያቃጥለዋል። የእሷ ብቻ የሆነ፣ ማንም ያልነካው ምን ቀረ? ፈለገች። አንድ ነገር አገኘች።

“ወንበሩን አልፈልግም” አለች።

“የምኑን ወንበር?”

“የምማረው አፈር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አልመጣም። አጠገብህ አልቀመጥም።”

“የአያትሽን ወንበር?”

“የአያቴን ወንበር። ኮትህን አስቀምጥበት።”

ተናግራ ስትጨርስ እጇን አየች፤ ጥፍሯ ስር የጠዋቱ ሸክላ ደርቆ ነጭ ሆኗል። ቃሏን ልትመልሰው ትችል ነበር፤ አልመለሰችውም። ዞራ ወደ ቤት ገባች። ከመንገዱ ማዶ ጎረቤቱ የሳር ማጨጃውን አስነሳ። ራስል ሹራቡን እንደለበሰ ሳሩ ላይ ቆሞ ቀረ።