የሞሲሳ መኪና ጠጋኞች

ወንድሜ ሞሲሳ ሰክሮ ነው የሞተው ይባላል። በ1975 ዓ.ም. ከጉደር ወደ አምቦ ሲመለስ ያቺ ቀይ ስፖርት መኪናው ከመንገድ ወጥታ ዛፍ ገጨች። ለአንድ መምህር ባልደረባው ሠርግ የጫነው የወይን ጠጅ ጠርሙስ ሁሉ ተሰብሮ ስለነበር፣ ሬሳውን ያነሡትን ሰዎች ቀድሞ የተቀበላቸው ሽታው ነው። ከዚያ በኋላ ማን ምን ይጠይቃል? በጸሎት ቤታችን መጠጥ ኃጢአት ነው፤ ሽማግሌው ኦቦ ተሬፋ በቀብሩ ላይ አጠር ያለች ጸሎት አድርገው ቶሎ ሄዱ። እናቴ ወርቅቱም ከዚያ ወዲህ በጸሎት ቤቱ ከፊት የነበረ ቦታዋን ትታ በሩ አጠገብ መቀመጥ ጀመረች።

እኔ አላመንኩም። ሞሲሳ ለሳል የታዘዘለትን ሽሮፕ እንኳ አሽትቶ የሚመልስ ሰው ነበር። ግን የሞተ ሰው አይከራከርም።

መኪናዋ ጓሯችን ውስጥ ቆርቆሮ ሥር ተጥላ ከረመች። እኔ ባኮ የትራክተር መካኒክ ነኝ። በ1980 የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ልጠግናት መጣሁ። ሐሳቤ በኦቦ ተሬፋ ደጅ ጡሩንባዋን እየነፋሁ ማለፍ ነበር፤ ከዚያ በፊት ግን ለምን ከመንገድ እንደወጣች ማወቅ አለብኝ።

«ተዋት ዓብዲሳ፤ እሱን አትመልስልኝ» አለችኝ እናቴ።

«ስሙን እመልስልሻለሁ» አልኳት።

ያቺን መኪና የአምቦ ሰው «ኮፍያዋን የጣለች» ይላት ነበር፤ ጣራ የላትማ! መጀመሪያ የአንድ የመጋዝ ቤት ጣሊያን ነበረች፤ ቀጥሎ የባላባት ልጅ ነዳት፤ አብዮቱ እሱን ሲያባርር ፋንቱ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር እጅ ገባች፤ ሞሲሳም የገዛት ከእሱ ነው። ከላይ ስታያት ሙሽራ ናት። ቀለሙን ስፍቀው ግን ከሥር ብረት ሳይሆን ስቱኮ ወጣ። ስቱኮውን ስፈነቅለው የተጠቀጠቀ ጋዜጣ። የነዳጅ ታንከሩ ቀዳዳ በልብስ ሳሙና ተወትፏል። ወለሉ ሲበሰብስ የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ዘርግተው በሚስማር መትተውታል፤ «አይሸጥም» የሚለው ጽሑፍ ሳይቀር ይነበባል። ወደ ኋላ ግራ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ቱቦ ደግሞ ሲያፈስ መቀየር ሰልችቷቸው በመዶሻ ቀጥቅጠው ደፍነውታል። ወንድሜ በሦስት ጎማ ፍሬን ነበር ሲነዳ የኖረው! አንዱን ጉድ ባገኘሁ ቁጥር የቀድሞዎቹን ባለቤቶች ዘር ማንዘር እራገማለሁ። እናቴ ከቤት ውስጥ ሆና «አፍህን ጠብቅ!» ትለኛለች።

በመጨረሻ የፊት ጎማውን አወለቅሁ። ከመሪው የሚመጣው ዘንግ ጎማውን በሚይዝበት ጫፍ ላይ ብሎን መኖር ነበረበት። ብሎን የለም። በቦታው በቅባትና በአቧራ የጠቆረ ጠፍር፣ ያውም የከብት ቆዳ ጠፍር፣ ሦስት ዙር ተጠምጥሞ ተቋጥሯል። አንዱ ዙር በፍትጊያ አልቆ ተበጥሷል። ጠፍሩ ጉደር አድርሶታል፤ ለመመለሻው አልበቃም።

ተንበርክኬ አለቀስኩ፤ የደስታ ለቅሶ ነው። ወንድሜ አልሰከረም! መሪው ነው የከዳው! ቋጠሮውን በቢላ ቆርጬ እየሮጥኩ ወደ እናቴ ገባሁ።

«አዮ፣ እዪው! ያ ሌባ ፋንቱ መሪውን በጠፍር አስሮ ነው የሸጠለት! ሞሲሳ አልጠጣም!»

እናቴ ጠፍሩን ተቀበለችኝ። ቅባቱን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ቋጠሮውን አገላበጠችው።

«ይኼ የእኔ ቋጠሮ ነው» አለች።

አልገባኝም።

«ጉደር ሊሄድ ዋዜማ መኪናዋ ሥር ተኝቶ ነበር። ከወዲያ በኩል ብረቱን በሁለት እጁ ደግፎ ‹አዮ፣ ናፍ ሂዺ› አለኝ። የጥጃውን ጠፍር አምጥቼ አሰርኩለት። ‹አሰርሽው?› አለኝ። ‹አዎ፣ ጥብቅ አድርጌ› አልኩት። ያኔ ከትምህርት ቤት ሰው መጥቶ ጠራው፤ ሳያይ ተነሥቶ ሄደ። መሬት ላይ አንዲት ብረት ቀርታ ነበር። ትርፍ መሰለችኝ፤ ጠርጌ ጣልኳት።»

ሞሲሳ ጥገና የለመደው አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ፣ በአማርኛ ነው። በጋራዥ አማርኛ ብሎን ይፈታል፣ ብሎን ይታሰራል። እቤት ሲገባ ያንኑ ቃል ወደ ኦሮምኛ ገልብጦ «ናፍ ሂዺ»፣ እሰሪልኝ፣ አላት። በእናቴ ኦሮምኛ ግን የሚታሰረው ጥጃ ነው፣ ነዶ ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ሰውም ነበር። ብሎን ሲታሰር የት ሰምታ!

ምነው እጄን በቆረጠው አልኩ። አምስት ዓመት ሙሉ ልጇ ሰክሮ ሞተ ብላ አዝና ነበር፤ እኔ ጠቢቡ መጥቼ ከዚያ የባሰ ሰጠኋት።

«አዮ፣ ፋንቱ ነው ያሰረው እንላለን» አልኳት። «ነቀምት ከገባ ቆይቷል፤ ማን ይጠይቀዋል? የሞሲሳም ስም ይጠራል።»

«ፋንቱ ምን አደረገኝ?» አለች። «እኔም እኮ ሰክሯል ብዬ አምኜበታለሁ ዓብዲሳ። እናቱ ሆኜ!»

እሑድ በምስክርነት ሰዓት ከበሩ አጠገብ ተነሥታ ወደ ፊት ሄደች። ጠፍሩን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ አወጣች። «ልጄ አልጠጣም። የመኪናውን መሪ ብሎን አጥብቂ ሲለኝ በዚህ ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለች በኦሮምኛ። ኦቦ ተሬፋ መነጽራቸውን አውልቀው ፊት ለፊታችን አለቀሱ፤ የሞሲሳንም ስም ጠርተው ይቅርታ ለመኑ። ሴቶቹ ደግፈው ከፊት፣ ከጥንት ቦታዋ አስቀመጧት። እኔ የተመኘሁት ሁሉ ሆነ። ደስታው ግን የለም፤ በጡሩንባ የማሸማቅቀውም ሰው የለም።

ከጸሎት ስንመለስ እናቴ ወደ ቤት አልገባችም። ነጠላዋን እንደለበሰች ወደ ጓሮ ዞረች።

«ያኔ ምን አድርጊ ማለቱ ነበር? አሳየኝ።»

«ይቅር አዮ።»

«አሳየኝ አልኩህ።»

ዘንጉን ወደ ቦታው መለስኩት። አዲስ ብሎን በጣቴ አጠለቅሁና የብሎን ቁልፉን እጇ ላይ አደረግሁላት። አንዴ አዞረች፤ ደገመች። ብሎኗ ጠበቀች።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው አዮ።»

ቁልፉን ሳትለቅ መሬቱ ላይ ተቀመጠች።

«ይኼንንማ እችል ነበር» አለች።