ክፍሉ የተነነ ዕለት

ተማሪዎቹ የሳይንስ መምህራቸውን «ጋሽ ማለት» ይሉታል፤ በፊቱ ሳይሆን ዞር ሲል። ስሙን ያገኘው በላቡ ነው። ጠመኔ ካነሣበት ቀን ጀምሮ «ጠጣር ማለት…»፣ «ፈሳሽ ማለት…» እያለ ያጽፋል። ልጆቹ ይጽፋሉ፣ ለፈተና ይሸመድዳሉ፣ ከፈተና መልስ ይረሳሉ። ሁሉም ወገን በዚህ ስምምነት ደስተኛ ነበር።

ደስታውን ያደፈረሱት ዳይሬክተሩ ናቸው። አንድ ቀን መምህራኑን ሰብስበው፣ ሐሙስ ሱፐርቫይዘሯ እንደሚመጡ፣ ተማሪ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥበት ዘመን እንዳከተመና ትምህርት ሁሉ በተግባር መሆን እንዳለበት፣ እግራቸው እስኪደነዝዝ ቁጭ አድርገው አስረዷቸው። ጋሽ ማለት የሐሙስ ትምህርቱ ሙቀት ቁስን እንዴት እንደሚለውጥ ስለነበር የማሞቂያ ምድጃና የመስታወት ዕቃ ጠየቀ። ዕቃውማ አለ፤ ዳይሬክተሩ ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ብቻ ይሰበራል አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ከካርቶኑ ሳይወጣ ይህን ያህል ዓመት በሰላም የኖረ ብርጭቆ፣ በስተርጅና ተማሪ እጅ ላይ መውደቅ የለበትም።

«ታዲያ በምን ላሳያቸው?» አለ ጋሽ ማለት።

«በፈጠራ» አሉት።

ነገሩን በሆዱ ይዞ ቤቱ ገባ። ለሚስቱ፣ ተግባር ካማራቸው ተግባር እንደሚያሳያቸው፣ ዳይሬክተሩ ዕድሜ ልካቸውን የማይረሱት ፈጠራ እንደሚፈጥር ዛተ። እሷ እንዲህ ያለ ዛቻ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ስላልሆነ፣ ቢያንስ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ እንዲዝት መከረችው።

ሐሙስ ሱፐርቫይዘሯ ከኋላ ተቀመጡ። ዳይሬክተሩ አጠገባቸው፣ የድካሙን ፍሬ እንደሚያይ ገበሬ ፈገግ ብለው ተቀመጡ። ጋሽ ማለት ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ አስጠግቶ ልጆቹን አንድ ጥግ ላይ አጠጋግቶ አቆማቸው። ማንኛውም ነገር ከማይታዩ ቅንጣቶች እንደተሠራ፣ ቅንጣቶቹም አርፈው እንደማያውቁ ነገራቸው። ዛሬ ቅንጣቶቹ እነሱ ናቸው፤ እሳቱ እሱ ነው። የእጁ ጭብጨባ በፈጠነ ቁጥር ሙቀት ጨመረ ማለት ነው።

መጀመሪያ ጠጣር ሆኑ፤ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ ከቦታቸው ንቅንቅ ሳይሉ ባሉበት ተንቀጠቀጡ። ሱፐርቫይዘሯ ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። ጭብጨባው ፈጠን ሲል ቀለጡ፤ ሳይራራቁ እርስ በርስ እየተሽሎኮሎኩ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ፈሰሱ። እስከዚህ ድረስ ጨዋ ትምህርት ነበር።

ከዚያ ጋሽ ማለት ያደረበትን ቂም ሁሉ ወደ መዳፉ አውርዶ አጨበጨበ። «ጋዝ!» አለ።

ልጆቹ ይህን ትእዛዝ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ሲጠብቁት የኖሩ ይመስላል። ክፍሉ ተናወጠ። አንዱ ከግድግዳ ነጥሮ ተመለሰ፤ አንዱ ከዳይሬክተሩ ሆድ ነጠረ። ጋሽ ማለት ይህ ግፊት እንደሚባል በትሕትና አስረዳቸው። ዳይሬክተሩ ክብራቸውን ይዘው ለመውጣት በሩን ቢከፍቱት፣ ፈጣን ፈጣኖቹ ቀድመዋቸው ወደ ሜዳው ተነኑ።

ክፍሉ ጋብ ሲል የቀሩት ጥቂት ልጆች ቆመው ያለከልኩ ነበር። ከመካከላቸው የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ልጅ እጇን አወጣች። ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋ ተሰምቶ አያውቅም።

«ቲቸር፣ የወጡት ፈጣኖቹ ናቸው። የቀረነው ቀርፋፋዎቹ ነን» አለች። ትንሽ አሰበችና፣ «እና ክፍሉ ቀዘቀዘ ማለት ነው? እርጥብ ፀጉር ሲደርቅ የሚበርደንስ ለዚህ ነው?»

ጋሽ ማለት «ትነት ያቀዘቅዛል» ብሎ ለስንት ትውልድ አጽፏል። ለምን እንደሚያቀዘቅዝ የጠየቀው ተማሪ ግን አልነበረም፤ እሱም ራሱን አልጠየቀም። «ትነት ማለት» ሊል አፉን ከፈተ፤ አልወጣለትም።

«አዎ» አለ በመጨረሻ። «ለዚሁ ነው።»

ትምህርቱን ሊያበላሽ መጥቶ እንዳስተማረ ገባው። ደስ አለው፤ ደስ ማለቱም አናደደው።

ሱፐርቫይዘሯ እንዲህ ያለ ክፍል አይተው እንደማያውቁ ተናግረው፣ ምስጋናውን ለሚገባው ሰው አቀረቡ፤ የዳይሬክተሩን አመራር አወደሱ። ዳይሬክተሩ ሸሚዛቸውን እየከተቱ በትሕትና ተቀበሉ። የተነኑት ልጆች ከሜዳ ተለቅመው ስለ ሥርዓት ተመከሩ። በማግስቱም ዘዴው በሁሉም ክፍል በሥራ ላይ እንዲውል መመሪያ ወጣ፤ ተማሪዎች ከወንበራቸው እስካልተነሡ ድረስ።

የዚያን ዕለት የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ኮሪደር ላይ አስቆመችው። ጠጣር ውስጥ ቅንጣቶቹ ይበልጥ የሚጠጋጉ ከሆነ፣ በረዶ ውሃ ላይ ለምን እንደሚንሳፈፍ ጠየቀችው።

ጋሽ ማለት ጉሮሮውን ጠረገ። ጥሩ ጥያቄ እንደሆነ፣ ሰኞ እንደሚነጋገሩበት ነገራት፤ መምህር ሳያውቅ ሲቀር የሚለውን ማለት ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሚስቱ ወደ ወጥ ቤት ስትገባ፣ ባሏ ከፍሪጅ ያወጣውን በረዶ በውሃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ ጥሎ፣ በጣቱ እየደፈቀ ሲለቀው አገኘችው። በረዶው ብቅ ይላል፤ እሱ መልሶ ይደፍቀዋል። ቁርስ መቅረቡን ነገረችው፤ አልሰማትም። «ተማሪዎቹ አሳበዱህ እንዴ?» አለችው።

«ቆይ እስቲ» አላት ቀና ሳይል። «አንድ ነገር እያየሁ ነው።»

ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።