ባለ ዘፈን ውጭ ይቆያል

የባንዳችን ሕግ አንዲት ናት፤ ዘፈን ያመጣ ሰው ዘፈኑን አንዴ አሰምቶ ይወጣል። የቀረነው እናቀናብረዋለን፣ ሲያልቅ ይጠራል። ከዚያ በኋላ ማልቀስ ይቻላል፣ መለወጥ ግን አይቻልም። ሕጓ የወጣችው በጉርምስናችን ነው። ያኔ ባለ ዘፈኑ ሚስቱን ምጥ እንደያዛት አባወራ አናታችን ላይ እየተንቆራጠጠ "እዚህ ጋ ለስለስ፣ እዚያ ጋ ጠንከር" ሲል፣ ሲል፣ በመጨረሻ አንድ የማይክ ማቆሚያ ሰው ትከሻ ላይ ተጣመመ። ትከሻው የኔ ነበር።

የምንለማመደው ከጎሚስታ ቤቴ ጀርባ ባለው መጋዘን ነው። ቀን ጎማ እጠግናለሁ፣ ሥራ ስዘጋ ድራም እመታለሁ፤ ጎረቤቶቼ ልዩነቱ አይታወቃቸውም። የተባረረው ባለ ዘፈን ግቢው ውስጥ የከባድ መኪና ጎማ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ጊታር ተጫዋቻችን መብረቅ ነው። ይህን ስም ያወጣለት ራሱ ነው። አለዚያ ዘፋኛችን ጎርናና ይቀመጣል። ቤዝ ተጫዋቻችን ግን ዘፈን አምጥቶ ስለማያውቅ ጎማው ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ከዝምታው ብዛት ረብሻ እንለዋለን። የጎርናና እህት ባል ነው።

ባለፈው ሳምንት ረብሻ ያልጎደለ የብስክሌት ጎማ ሊያስነፋ መጣ።

"ሚስቴ አንድ ነገር ጠየቀችኝ" አለኝ።

"ምን?"

"'አንተ ግን መድረክ ላይ ምን ታደርጋለህ?' አለችኝ።"

ጎማውን መመርመር ቀጠልኩ። ሴትየዋ ከተጋቡ ጀምሮ አንድ ዝግጅት አምልጧት አያውቅም፤ ሁሌም ፊት ወንበር ላይ ናት።

"በክፋት አይደለም" አለ። "ወንድሜን እሰማዋለሁ፣ መብረቅን እሰማዋለሁ፣ ድራሙንማ ሳልወድ እሰማዋለሁ። አንተን ግን ሰምቼህ አላውቅም ነው ያለችኝ።"

"አንተስ ምን አልካት?"

"ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ይኸው ነቀዘብኝ።"

ለካ ዘፈን ጽፎላት ኖሯል። ቅዳሜ በአሽከርካሪዎች ክበብ አዳራሽ ስንጫወት እንድትሰማው ይፈልጋል። ዘፈኑን ማለቴ አይደለም፤ እሱን።

በልምምዱ ቀን ዘፈኑን አንገቱን ደፍቶ አንጎራጎረልን፣ ቤዙን ግድግዳ አስደግፎ ወጣ። ገና በሩ ሳይዘጋ ጎርናና ጀመረ።

"ወንድሞቼ፣ ይኼ ስለ እህቴ ነው።"

"እና?" አለ መብረቅ።

"እና 'ከንፈርሽ ናፈቀኝ' ይላል። እኔ ነኝ ፊቷ ቆሜ ከንፈርሽ የምላት? እናታችን ብትሰማስ?"

"ቀይረዋ።"

ጎርናና አሰበ። "ወንበርሽ ናፈቀኝ።"

"ምን ማለት ነው እሱ?"

"ወንበሯ ላይ የተቀመጠ ያውቀዋል።"

መብረቅ ወንበሩን የተቀበለው መሃል ላይ ረጅም ሶሎ እንዲሰጠው አስምሎን ነው። እኔ ዱላዎቼን አስቀምጬ በመዳፌ መምታት ጀመርኩ። ከዚያ ምን እንደሆንን አላውቅም፤ መደማመጥ መጣ። ጎርናና ሳይጮህ ዘፈነ። መብረቅ ሦስት ኖታ መምታት እየቻለ አንድ መታ፤ ይህ በታሪካችን ታይቶ አይታወቅም። ሲያልቅ እርስ በርስ ተያየን። እንዲህ አምሮብን አያውቅም።

ረብሻን ጠራነው። በሩ ላይ ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማ።

"ጥሩ ነው" አለ። "በጣም ጥሩ ነው።"

ከዚያ ግድግዳ የተደገፈውን ቤዙን አየ። እኛም አየነው። ያን ሁሉ ስንለፋ ቤዝ መጉደሉ ለአንዳችንም ትዝ አላለንም።

"በል ግባበት" አልኩት ቶሎ ብዬ።

ገባበት። ዘፈኑ በልቶ እንደ ጠገበ ሰው ከበደ።

"ትንሽ ቀንስ" አለ መብረቅ። ቀነሰ። "ትንሽ ደግሞ።" ደግሞ ቀነሰ። በመጨረሻ ከራሱ በቀር የሚሰማው ሲጠፋ፣ ዘፈኑ እንደገና አማረ።

"አየህ አማቼ" አለ ጎርናና፣ ከልቡ ሊያጽናናው ፈልጎ፣ "ቤዝ የማይፈልግ ዘፈን ነው የጻፍከው።"

ምናለ ዝም ቢል።

ዘፈኑ ለቅዳሜ ይቅር አልኩ። መብረቅ ለዛሬ ሕጉን እንጣሰውና ከመጀመሪያው እንሥራው አለ። ረብሻ የቤዙን ማንገቻ በጣቱ ሲያሻሽ ቆየ።

"ተዉት" አለ። "እንዲህ ይሂድ። አታበላሹት።"

ከእኛ መሃል ለዘፈን ብሎ ድርሻውን የለቀቀ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። መብረቅ ልቡ ተነክቶ ሶሎውን በግማሽ ቆረጠው። ግማሹም ቢሆን ሻይ ተፈልቶ ይጠጣበታል።

ቅዳሜ ሚስቱ ፊት ወንበር ላይ ነበረች። የዘፈኑ ተራ ሲደርስ ረብሻ ቤዙን እንዳነገተ፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው እጆቹን ዘርግቶ ቆመ። ጎርናና ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ዘፈነ። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ሰማ፣ ሲያልቅም አጨበጨበ። እሷ ግን ቦርሳዋ እንደጠፋባት ሴት ዙሪያዋን ትቃኝ ነበር። ቀጥሎ ያለውን ዘፈን የሚጀምረው ቤዝ ነው። ረብሻ የመጀመሪያውን ክር ሲመታ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወንበሯን ተደገፈች።

ዕቃ ስንሰበስብ መጣች።

"ያቺ ቀስ ያለችዋ ዘፈን ላይ ምን ተበላሽቶባችሁ ነው?"

"ምንም" አለ ወንድሟ። "ምነው?"

"እኔንጃ። ዘፈኑስ ቆንጆ ነው። ግን ሁልጊዜ እዚህ ጋ የሚመጣ ነገር አለ፣ ድም ድም የሚል" ብላ ደረቷን ነካች። "እሱ ሲጠፋ ጭር አለብኝ። ኋላ ሲመለስ ነው እፎይ ያልኩት።"

ረብሻ የሚጠቀልለው ገመድ ከእጁ ወደቀ።

"እኔ ነኝ" አለ።

"ምኑ?"

"ድም ድም የሚለው።"

ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

"እኔ እኮ የአዳራሹ ጄኔሬተር ይመስለኝ ነበር።"

"በየአዳራሹ?" አልኳት።

"በየአዳራሹ። እንዴት ደስ የሚል ጄኔሬተር አላቸው እያልኩ ነው የምመለሰው።" ወደ ባሏ ዞረች። "ይኼን ሁሉ ዘመን አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

ያልተጣመመውን የባሏን ኮሌታ አቃናችለት። ዘፈኑን ማን እንደጻፈው ልነግራት አፌን ስከፍት ረብሻ በዓይኑ ከለከለኝ። የፈለገውን አግኝቷል።

በሚቀጥለው ልምምድ አምፕሊፋየሩን ከፍ አድርጎ ጀመረ። የተከመሩት ጎማዎች ተንቀጠቀጡ። መብረቅ የራሱን ጊታር መስማት አቅቶት ጆሮውን ወደ ክሮቹ አስጠጋ።

"አማቼ፣ ትንሽ ቀንስ" አለ ጎርናና።

"አልቀንስም" አለ ረብሻ፣ በትሕትና።