ዛሬ ማኅበር እትዬ በላይነሽ ቤት ነው

፩

ዛሬ ማኅበር እትዬ በላይነሽ ቤት ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር። ዳቦ ይዘሽ ነይ።

፪

ይህ መልእክት ጥቅምት 12 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ "አውደ ቀን" የተባለውን የቀን መቁጠሪያ አፕ በጫነ ስልክ ሁሉ ላይ ጮኸ። አዳማ መናኸሪያ ተራ የሚጠብቅ ሹፌር ኪስ ውስጥ ጮኸ። ጎንደር፣ ከአዳር ሥራ የምትወጣ ነርስ ቦርሳ ውስጥ ጮኸ። ችሎት ሊገባ ካባውን የሚያስተካክል ዳኛ ዘንድም ጮኸ። አንዳቸውም እትዬ በላይነሽን አያውቋቸውም።

አፑ በእርስዎም ስልክ ላይ ኖሮ ይሆናል። ካልሄዱ፣ ምን እንደቀረብዎ ልንገርዎት።

፫

ምንትዋብ የእትዬ በላይነሽ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ኮድ ትጽፋለች። የእኛን ቀን ከፈረንጁ ቀን ጋር የሚያስማማ፣ ጳጉሜን የማይዘነጋ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ራሱ የሚያሰላ ፕሮግራም ዓመታት ደክማ ሠራች። ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ለሁሉም በነፃ ለቀቀችው። ኦፕን ሶርስ የሚሉት ይህን ነው፤ ኮዱ ሜዳ ላይ ይሰጣል፣ የፈለገ አይቶ ይወስዳል። ከላዩ ላይ አጭር ፈቃድ ጻፈችበት፦

ውሰዱት።
ቀይሩት።
ብትፈልጉ ሽጡት።
ስሜን ብቻ አትፋቁ።

፬

አውደ ቀን ሶፍትዌር የሚባል ድርጅት ወሰደ።

ቀየረ።

ሸጠ።



ፋቀ።

፭

ይህስ ባልከፋ። በመስከረም መጨረሻ የድርጅቱ ጠበቃ ለምንትዋብ ደብዳቤ ላከ፦

"ድርጅታችን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው በራሱ ባለሙያዎች ያዘጋጀውን ፕሮግራም እርስዎ አስመስለው በኢንተርኔት ሲያሰራጩ ደርሰንበታል። እስከ ጥቅምት 13 ካላነሡት በሕግ እንጠይቅዎታለን።"

እትዬ በላይነሽ ደብዳቤው ሲነበብላቸው አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፦ "የሌባ ዐይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ።" ምንትዋብ ግን አለቀሰች። የእሷ ኮድ ሜዳ ላይ ነው፤ የእነሱ ተቆልፎበታል። ኮዷን የለቀቀችበትን ቀን ብትጠቅስ፣ "እኛ ከዚያ በፊት ቢሮ ውስጥ ሠርተነዋል" ይሏታል። በምን ታስረዳ? ጥቅምት 12 ጠዋት፣ ጓዳ ውስጥ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ፣ ሥራዋን ከኢንተርኔት ላይ ልታነሣ ተዘጋጅታ ነበር። እጇ ግን እምቢ አላት።

፮
(የግርጌ ማስታወሻ፤ ግርጌ ላይ የማይቀመጥ)

ያ መልእክት ከየት መጣ? አንድ ዓመት ምንትዋብ የእናቷን የማኅበር ተራ ረስታ ባዶ እጇን መጣች፤ እናቷም አሥራ ሁለቱ ማኅበርተኞች ፊት ልክ ልኳን ነገሯት። በዚያው ሰሞን ፕሮግራሟ ላይ ቀን የሚያስታውስ ክፍል እየጨመረች ነበር። ይሠራ እንደሆነ ለመሞከር፣ እናቷ የዚያን ቀን ጠዋት እንዳትረሳ ደውለው፣ ራሳቸውን "እትዬ" ብለው በቁጣ የነገሯትን ቃል በቃል ጻፈችበት። "ቦታ" የሚለውን ሳጥን ለመሞከር ደግሞ የገዛ ቤታቸውን አድራሻ አስገባች። በየዓመቱ ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ በየሰዓቱ እንዲደግም አዘዘችው።

ልታጠፋው ነበር። ረሳችው።

በእሷ ፕሮግራም ያ ክፍል ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ማንንም አላወከም። አውደ ቀን ግን ዘንድሮ "አዲሱ ፈጠራችን" ብሎ ለደንበኛው ሁሉ ከፈተው።

፯

ከሰማያዊው በር ላይ የተቀዳ፦

ሰውየው፦ የእትዬ በላይነሽ ቤት እዚህ ነው?

እትዬ በላይነሽ፦ ነው። ማን ልበል?

ሰውየው፦ አያውቁኝም እናቴ። ታክሲ ነው የምነዳው። ስልኬ ጠራኝ፣ መጣሁ።

እትዬ በላይነሽ፦ ዳቦ ይዘሃል?

ሰውየው፦ ይዣለሁ።

እትዬ በላይነሽ፦ ታዲያ ምን ያቆምሃል፣ ግባ እንጂ። የሚካኤል እንግዳ በር ላይ አይቆምም።

፰

ከታክሲ ነጂው በኋላ ሁለት የባንክ ሠራተኞች መጡ። ከእነሱ በኋላ አንዲት ሙሽራ ከነባሏ። ከዚያ መቁጠሩን ተዉት። ድፎ ያመጣ አለ፣ አምባሻ ያመጣ አለ፣ ከሱቅ የገዛውን በፌስታል ያንጠለጠለ አለ። የእድሩ ድንኳን ወጣ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሐጂ ሰዒድ ወንበር አሸክመው መጡና፣ "ጎረቤቴ ቤት ይህ ሁሉ ሰው ሲመጣ እንዴት አልተነገረኝም?" ብለው ተቆጡ። ስልካቸው ላይ አፑ ስላልነበረ አንዱ እዚያው ጫነላቸው።

ምንትዋብ ጫጫታው በዝቶባት ከጓዳ ወጣች። አንዲት የማታውቃት ልጅ ስልኳን ዘረጋችላት፤ "ይኼው፣ ተጠርቼ ነው" አለቻት። ምንትዋብ አነበበች። ደግማ አነበበች። የራሷ መስመር ነው፤ ከነአድራሻው፣ ከነቁጣው፣ በአውደ ቀን አርማ ሥር።

ድንኳኑን የያዘውን ምሰሶ ተደግፋ ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከመስከረም ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተነሣላት። እናቷ የሳቋን ምክንያት ሲሰሙ ቀና ብለው ሰማዩን አዩና፣ "ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይኸ ነው" አሉ።

፱

አሁን ለአንድ አፍታ እርስዎ ኢዮስያስ ይሁኑልኝ፤ የአውደ ቀን ባለቤት። እንዲህ ያደርጋሉ፦

ባለሙያዎችዎን ይሰበስባሉ። መልእክቱን የምታስጮኸው መስመር ኮዱ ውስጥ የት እንዳለች ይጠይቃሉ። ልጆቹ ኮዱን ይበረብራሉ፤ አያገኟትም። አራት ሰዓት ይሆናል፤ መልእክቱ እንደገና ይጮኻል። አምስት ሰዓት ይሆናል። ደንበኞች ይደውላሉ፤ ግማሾቹ ሊቆጡ፣ ግማሾቹ "ሰማያዊው በር በየት በኩል ነው?" ሊሉ። ሰባት ሰዓት ላይ የመኪናዎን ቁልፍ ያነሣሉ። መንገድ ላይ፣ ለምን እንደሆነ ሳይገባዎት፣ ዳቦ ቤት ጋ ያቆማሉ።

፲

ከድንኳኑ ጥግ የተቀዳ። (ሁለቱ ኮሌጅ አንድ ክፍል የተማሩ እኩዮች ናቸው።)

ኢዮስያስ፦ ምንትዋብ፣ እባክሽ መልእክቱን አስቁሚልን።

ምንትዋብ፦ እኔ በምን አውቄ? ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው የናንተ ባለሙያዎች የጻፉት አይደለም እንዴ?

(ከጀርባ የሚቆረስ ዳቦ ይሰማል።)

ኢዮስያስ፦ ልጆቹ ከጠዋት ጀምረው ፈለጉት። አላገኙትም።

ምንትዋብ፦ ምስኪኖች። ምሳም አልበሉ ይሆናል።

ኢዮስያስ፦ የት እንዳለ ብቻ ንገሪኝ። ደብዳቤውን እናነሣዋለን።

ምንትዋብ፦ ስሜስ?

(ኢዮስያስ የያዘው የዳቦ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ይሰማል።)

እትዬ በላይነሽ፦ አንቺ፣ እንግዳ ቆሞ አይነጋገርም። ቁጭ በል ልጄ። ዳቦህን ወዲህ በለው። በባዶ ሆድ ነገር አይያዝም።

፲፩

በላ። ደግሞም በላ። ታክሲ ነጂው ጎን ተቀምጦ፣ ማንነቱን ሳይነግረው፣ "ይህን አፕ የሠራው ሰው ይባረክ" ሲባል ሰማ። ጆሮው ቀላ።

ማኅበሩ ሲያበቃ ጽዋው ለሚቀጥለው ወር ባለተራ ይተላለፋል። የኅዳር ተራ ግን፣ እትዬ ስመኝ ልጃቸው ጋ ሐዋሳ ከገቡ ወዲህ፣ ባለቤት የለውም። ኅዳር 12 ደግሞ የዓመቱ ሚካኤል ነው፤ ከተራዎች ሁሉ ከባዱ። እትዬ በላይነሽ ጽዋውን አንሥተው ድንኳኑን በዐይናቸው ዞሩትና ኢዮስያስ ላይ ቆሙ።

"የበላ ተራውን ያወጣል" አሉት።

የዚህ ማኅበር ደንብ አንድ ነው። ጽዋ የሚረከብ ሰው ተነሥቶ፣ ከማን እጅ እንደተቀበለ በስም ጠርቶ፣ ሁሉም እንዲሰማ ይናገራል። ስም ሳይጠራ የወሰደ እንደሰረቀ ይቆጠራል።

ኢዮስያስ ተነሣ። ጽዋውን በሁለት እጁ ተቀበለ። "ከእትዬ በላይነሽ እጅ ተቀብያለሁ" አለ። እልል ተባለ። ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል ምንትዋብ ከፊቱ ቆመች።

"ሌላም የተቀበልከው አለ" አለችው። "እሱንም በል። መስመሯን አሁን እዚሁ አሳይሃለሁ።"

ዐሥር ሰዓት ሞላ። ድንኳኑ ውስጥ ያለ ስልክ ሁሉ አንድ ላይ ጮኸ፤ የሐጂ ሰዒድም ጭምር። ሰዉ ሳቀ። ከዚያ ወደ ኢዮስያስ ዞረ። እሱ ጽዋውን አየ፣ ዳቦውን አየ፣ ምንትዋብን አየ። ፊቱ ላይ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፈገግታ የሚመስል ነገር መጣ። ጉሮሮውን ጠረገ።

፲፪

እርስዎም እስከዚህ ድረስ ከተቀመጡ፣ ከዳቦው ቀምሰዋል ማለት ነው። የበላ ተራውን ያወጣል። ይህችን እርስዎ ይሙሏት፤ ጮክ ብለው፣ ሁሉም እንዲሰማ።

"ቀን መቁጠሪያውን ከ                              እጅ ተቀብያለሁ።"