ከግቢው የማትወጣው ላም

ወረታ ዳር ያለው የተዘጋ ቆዳ ፋብሪካ ለፎገራ ከብት ሠርግ ቤት ነበር። ለዓመታት ቆዳ ሲለፋበት የኖረው ጨው አፈሩ ውስጥ ሰርጎ ቀርቷል፤ የአምሳል ላም ቦራም አጥር እየጣሰች ስትልሰው ትውላለች። ዘንድሮ ቦታው ላይ መናኸሪያ ሊሠራ ታሰበና አፈሩን የሚመረምር ይርዳው የሚባል ባለሙያ መጣ። አይታማም፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ነው።

ቆፈረ፣ አስመረመረ፣ ኬሚካል አገኘ። ወዲያው ግቢውን በቀይና ነጭ ላስቲክ አጥሮ፣ “የተበከለ አፈር ከዚህ አይወጣም!” ሲል አዘዘ። ቦራ ውስጥ ነበረች።

“ላሜን ልውሰዳ፣” አለች አምሳል።

“እናቴ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የምትልሰው?”

“ጡት ከተወች ጀምሮ።”

ይርዳው ቦራን ከቀንዷ እስከ ጭራዋ አያት። “እንግዲያማ ላም አይደለችም፤ አፈር ናት።”

መመሪያ መመሪያ ነው። የተበላ አፈር አፈርነቱን አይለቅም ተባለና እንደ ተቆፈሩት የናሙና ጉድጓዶች ለቦራም ቁጥር ተሰጥቷት ጎኗ ላይ ተቀባ። የመናኸሪያው መሐንዲስ ንድፉን እሷ በተኛችበት ዙሪያ አዞረው። ተነሥታ ራቅ ብላ ስትተኛ እንደገና አዞረው፤ የጎንደር አውቶቡስ መግቢያ ሽንት ቤቱ ላይ ወደቀ።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይባላል፤ የአምሳልስ እዚሁ ምድር ላይ ነበረች። ከቦራ ሌላ ጥሪት የላትም። ለመነች፣ ተራገመች፣ በመጨረሻ ክርክር አመጣች።

“ልጄ፣ እኔ እኮ በዚህች ላም ወተት ነው ያለሁ። እየኝ፣ እንደ ጠጠር ነኝ! ሰፈሩ ሁሉ ጠጥቶ ማን ሞተ?”

ይርዳው እስክሪብቶውን አነሣ። “ሌላ ማን ጠጣ? የጠጣ ሁሉ አፈር ነው፤ እዚሁ ይገባል።”

ሊያይ የተሰበሰበው ሰው ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ከእርጎዋ ተለይቶ የማያውቀው ጎረቤቷ ታከለ፣ ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ነኝ ብሎ ማለ።

“ከቤተሰብዎስ?” ሲል ይርዳው ወደ አምሳል ዞረ።

አምሳል አፏን ከፈተች። ሐሙሲት ያለችው ልጇ ትርሲት ታየቻት፤ እርጉዝ ናት፣ ወሯ ገብቷል። “ብዪ፣ ያጠነክርሻል” እያለች በየገበያው የቦራን ቅቤ የምትልክላት ራሷ አምሳል ናት። ኬሚካል የሚሉት ነገር ያኔ ገባት።

“ማንም አልጠጣም፣” አለች። “ቦራ ከነጠፈች ቆይታለች።”

የቦራ ጡት ተወጥሮ ወተቱ መሬት ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ይርዳው ጡቷን እያየ “ነጥፋለች” ብሎ ጻፈ።

አምሳል ነጠላዋን ሰብስባ የሐሙሲት መኪና ወደሚቆምበት ሮጠች። ቦራ ከኋላዋ እምቧ አለች። ዞር ብላ አላየቻትም።