የንግሥቲ መርዶ

ልጆቼ፣ መርዶ መናገር ለማንም ከባድ ነው። እኔ ግን ያን ሰሞን የአንዱን ልጄን ሞት ትቼ የሌላዋን ልጄን ደረት ነበር የማስበው። አትፍረዱብኝ፤ ላጫውታችሁ።

ልጄ ንግሥቲ ኩላሊቷ ከከዳት ሁለት ዓመት አልፏታል። በሳምንት ሁለት ቀን ባሕር ዳር ሄዳ ደሟ በማሽን ይታጠባል። ማሽኑስ አለ፤ የቸገረን ደሙ የሚወጣበት በር ነው። መጀመሪያ በግራ ክንዷ ሁለት ደም ሥር አገጣጥመው ሰፉላት። እጄን ሳሳርፍበት ውስጡ እንደ ንብ ቀፎ እም ይል ነበር። አንድ ጠዋት ዝም አለ፤ ደም ረግቶበት። በቀኝ ክንዷ ሞከሩ፤ ደም ሥሯ ቀጭን ነውና እንቢ አለ። አንገቷ ላይ ቱቦ ከተቱ፤ መገለ። በመጨረሻ በደረቷ በግራ በኩል፣ በቆዳዋ ሥር አሳልፈው ሌላ ቱቦ አስገቡላት። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣

«አባት፣ ሥጋዋ ገና አልያዘውም፤ የያዘው ክር ነው። ሦስት ሳምንት እንዳይጎተት፣ እንዳይመታ። ይኸ ከወጣ የሚቀረን ጭኗ ነው፤ እሱ ደግሞ ቶሎ ይመግላል» አለኝ።

በአራተኛው ቀን ከመተማ ተደወለ። ለሰሊጥ አጨዳ የወረደው ልጄ አንለይ በወባ ሞቶ እዚያው ተቀብሯል።

በእኛ በቁሐር ሚካኤል እኅት ወንድሟን የምታለቅሰው ደረቷን እየደቃች ነው። ንግሥቲ ደግሞ ለጎረቤት እንኳ አልቅሳ ደረቷ በልዞ የምትመለስ ናት።

«ቱቦው እስኪይዝ እንደብቃት» አለ ባሏ ገበያው።

«ነገ ገበያ ነው። ወረታ የዋለ ሁሉ ሰምቶ ይመጣል፤ ከመንገደኛ አፍ ትስማው?» አልሁት።

እኅቴ ወለተ ሚካኤል በአገሩ የታወቀች አልቃሽ ናት። «እና እጇን አጣጥፋ ልታለቅሰው ነው? ወንድሟ እኮ ነው! ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ደም ሥር አይሰጣት!»

«አየ! ከሐኪም ጋር ውለህ ምላስ አበቀልህ።»

እንደ ደንቡ ጎሕ ሲቀድ ዘመድ በሯ ላይ ተሰበሰበ። እኔ ቀድሜ ገብቼ መደቡ ላይ ተቀመጥሁና ሁለት እጇን ያዝሁ።

«አባባ፣ ምነው በጠዋት?» አለችኝ። በትከሻዬ በኩል ወደ በሩ አየች። ገበያው ጋቢውን ዘቅዝቆ ለብሷል። «ማን ነው? አንለይ ነው?»

እጆቿን ጠበቅ አድርጌ ያዝሁ።

ጮኸች። እጆቿን ልታስለቅቀኝ ታገለች። እኔ ሰባ ዓመቴ፣ እሷ በሽተኛ፤ ግን የኀዘን ጉልበት አይቻልም።

«ይልቀቁኝ! ወንድሜን አላለቅሰውም? ይልቀቁኝ አባባ!»

ቀኝ እጇ አመለጠኝ። ወደ ደረቷ ሲሄድ፣ እዚያ ነጭ ፋሻ ወዳለበት፣ ዓይኔ እያየ ነው። ምን እንዳሰብሁ አላውቅም፤ መሐል ገባሁ።

«እዚህ ምቺ! የወለድሁት እኔ ነኝ፤ እዚህ ደረቴ ላይ ምቺ!»

መታች። በሁለት እጇ፣ «አንለይ፣ አንለይ» እያለች መታችኝ። ሰዉ ደነገጠ፤ ልጅ አባቷን ስትመታ አይቶ አያውቅማ። ከዚያ ወለተ ሚካኤል ከበሩ ላይ ሙሾ አወረደች፤ ሴቶቹም ተቀበሏት። የልጄ ሞት ለእኔም የተረዳኝ ያን ጊዜ ነው። አለቀስሁ።

ንግሥቲ ሲደክማት ወለተ ሚካኤል የልጅቱን ነጠላ ገለጥ አድርጋ ፋሻውን አየች።

«ደም የለም» አለችኝ በጆሮዬ።

«ክሩስ?»

«ክሩም አለ። አንተ ግን ገርጥተሃል፤ አረፍ በል።»

እንዴት ልረፍ፣ ልጆቼ? ሦስቱ ሳምንት እስኪሞላ ገና አሥራ ስድስት ቀን ይቀራል፤ ለቅሶ ደራሹም መምጣት መጀመሩ ነው። ከግቢው በር አዲስ ጩኸት ተሰማ። ንግሥቲ ቀና አለች። እኔም ጋቢዬን ከደረቴ ገፍፌ ፊት ለፊቷ ተቀመጥሁ።