የሌላ ሰው አምስት ሰከንድ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ነጠላ ሰረዝ» ይሉታል፤ ፕሮግራም ሲጽፍ አንዲት ምልክት አታመልጠውም። የስልክ ተቀባዮቹ ጥሪ ተቀድቶ አለቆች ጆሮ የሚደርሰው እሱ በጻፈው ፕሮግራም ነው።

ከስልክ ተቀባዮቹ አንዷ ታላቅ እህቱ ነበረች። እናት ሆና ያሳደገችው እሷ ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት አለቃው ጠርቶ ቅጂዋን አሰማት። ደንበኛውን በትሕትና ትሰናበታለች፤ ወዲያው «አንተ ደነዝ! ሂድና ሌላ ቦታ አልቅስ!» የሚል የሴት ድምፅ፣ ከዚያ ስልኩ ሲጠረቀም።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ብሎ አሰናበታት።

«ወንድምዬ፣ እኔ አላልኩም» አለችው ያን ዕለት።

«እታለም፣ ማሽን እኮ አይዋሽም» አላት።

ዛሬ ረፋድ ላይ ሌላ ስህተት ሲያስስ ጉዱን አገኘው። ፕሮግራሙ የድምፅ ፋይሉን አንብቦ የሚያኖረው ባፈር ውስጥ ነው፤ አንድ ደቂቃ ድምፅ የምትይዝ የሜሞሪ ክልል። ስንት እንደተነበበ ሳያይ ባፈሩን እንዳለ ወደ ቅጂው ይገለብጠዋል። ሰሌዳ ሳያጠፉ በረጅም ዓረፍተ ነገር ላይ አጭር እንደመጻፍ ነው፤ የድሮው ጭራ ይቀራል። የእህቱ ጥሪ ሃምሳ አምስት ሰከንድ ነበር። የተረፈው አምስት ሰከንድ ከእሷ በፊት የተነበበ ጥሪ ነው። ስድቡ የሌላ ሰው ነው።

አለቃው ዘንድ ገብቶ ነገረው።

አለቃው ተነስቶ በሩን ዘጋ። «በዚህ ቅጂ ስንቱን አባረርን?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«እንግዲያው አትወቅ። አስተካክለውና አፍህን ያዝ። ቤታችሁ ሁለት ሥራ ፈት ይችላል?»

ተመልሶ ፕሮግራሙ ላይ አንድ መስመር ጨመረ። የለውጥ መዝገቡ ላይ «አነስተኛ እርማት» ብሎ ጻፈ።

ቤት ሲገባ እህቱ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግታለች።

«መጣህልኝ? ታውቃለህ፣ ደጋግሜ ሳስበው… ብዬው መሆን አለበት። ደክሞኝ ይሆናል። ድምፁም እኮ ቆይቶ ሳስታውሰው የእኔን ይመስላል።» ፈገግ አለች። «ይቅርታ ልጠይቃቸው ነው። እስቲ እየው፤ ነጠላ ሰረዝ ያሉህ በከንቱ አይደለም።»

«ደንበኛውን በመስደቤ» ብሎ ይጀምራል ደብዳቤው። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ግን ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰ።

«ምነው? ተሳሳትኩ እንዴ?»

«አይ…» እስክሪብቶውን ከእጇ ተቀበላት። «እዚህ ጋ ብቻ» አለና፣ ከ«መስደቤ» ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ አኖረ።